እናቴን ለዜግነት ፈተና ሳዘጋጅ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት እንዴት እንዳስረዳኋት

እናቴ የአሜሪካን የዜግነት ፈተና የወሰደችው በአማርኛ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ «እንግሊዝኛ ሳልችል እንዴት ብዬ?» እያሉ ግሪን ካርዳቸውን ብቻ እያሳደሱ የሚኖሩ እናቶችና አባቶች በዙሪያዬ ብዙ ስላሉ ነው። ማመልከቻው በሚገባበት ቀን ዕድሜው 50 የሞላና በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ ሰው፣ ወይም 55 የሞላና 15 ዓመት የኖረ ሰው፣ ከእንግሊዝኛ ፈተናው ነፃ ነው። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄው ግን አይቀርለትም፤ አስተርጓሚ ይዞ ቀርቦ በራሱ ቋንቋ ይመልሳል። 65 የሞላውና 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው። ከነዚያ ውስጥ 10 ይጠየቃል፣ 6ቱን ከመለሰ አለፈ።

እማዬ በ55ቱ ሕግ ገባች። ያመለከተችው ፈተናው ከመቀየሩ በፊት ስለነበር የደረሳት የድሮው 100 ጥያቄ ነው፤ ከዚያ እስከ 10 ይጠየቃል፣ ማለፊያው 6 ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚያመለክት ሰው ግን 128 ጥያቄ ያጠናል፣ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ስለዚህ ከማጥናታችሁ በፊት የትኛው እንደሚመለከታችሁ አረጋግጡ። የድሮውን ወረቀት ከጓደኛ ተውሶ ማጥናት ዛሬ ሰውን ያሳስታል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በስተቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በቃለ መጠይቁም እንደዚያው ነው። የነፃነት ቀናቸውን «ጁላይ 4» በሉት፤ «ሐምሌ 4» ካላችሁ አቆጣጠሩ ይዛባል።)

እማዬ ታሪክ ያለው ነገር አይጠፋትም። የትኛው ጎረቤት መቼ ልጁን እንደዳረ፣ ማን ከማን ጋር በምን እንደተጣላ፣ ሁሉንም ከነምክንያቱ ታውቃለች። ጥያቄና መልሱን ስትሸመድድ ግን 435ቱ፣ 100ው፣ 27ቱና 9ኙ ተደበላለቁባት። «በጠቅላይ ፍርድ ቤት ስንት ዳኛ አለ?» ስላት «27» ትለኛለች። 27 የሕገ መንግሥቱ ማሻሻያዎች ቁጥር ነው፤ ዳኞቹ 9 ናቸው። እሷ ያስቸገራት ቁጥሩ ከምን ጋር እንደሚሄድ አለማወቋ ነበር። ወረቀቱን አስቀምጬ ከመጀመሪያው እንደ ወሬ አወራት ጀመር። ወላጅ ለምታዘጋጁ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው፤ መልሱን ከማስያዛችሁ በፊት ሰዎቹ ያንን የደነገጉት ምን ፈርተው እንደሆነ ንገሯቸው። ምክንያቱን የያዘ ሰው መልሱ ቢጠፋው እንኳ አስቦ ይደርስበታል።

ፍርሃታቸው ሁለት ነበር፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይጣላሉ። የመጀመሪያው ንጉሥ ነው። በ1776 ነፃነታቸውን ያወጁት ያለ ውክልና ግብር የሚጥልባቸውን የእንግሊዝ ንጉሥና ፓርላማ አንፈልግም ብለው ነው። ከዚያ በኋላ ያቋቋሙት ማዕከላዊ መንግሥት ሆን ተብሎ ደካማ ተደረገ። በ1781 በጸደቀው በመጀመሪያው የመተዳደሪያ ሰነዳቸው ኮንግረሱ ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን አልነበረውም፤ 13ቱን ግዛቶች «እባካችሁ አዋጡ» ብሎ መለመን ብቻ ነው። ዕዳ መክፈል አቃተው፣ የተዋጋለት ወታደር ደመወዙን በወጉ አላገኘም። በ1786 በማሳቹሴትስ ዕዳና ግብር ያስመረራቸው ገበሬዎች፣ ብዙዎቹ የነፃነቱ ጦርነት ዘማቾች፣ በዳንኤል ሼይስ መሪነት ጠመንጃ አነሱ። ማዕከላዊው መንግሥት አመፁን የሚያበርድበት ገንዘብም ጦርም አልነበረውም። ሁለተኛው ፍርሃት ይህ ነው፤ መንግሥት ከመጠን በላይ ደክሞ አገር መፍረሱ።

በ1787 ፊላዴልፊያ የተሰበሰቡት 55 ሰዎች ሁለቱን ፍርሃቶች ይዘው ነው የተቀመጡት። ሮድ አይላንድ ተወካይ አልላከችም። ሰብሳቢያቸው ጆርጅ ዋሽንግተን ነበር። በር ዘግተው፣ ምስጢር ለመጠበቅ ተስማምተው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ተከራከሩ፤ መጨረሻ ላይ 39ኙ ፈረሙ። የጻፉት 4 ገጽ ብራና ነው፤ ዛሬም ዋሽንግተን ዲሲ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በመስታወት ውስጥ ይታያል፣ መግቢያው በነፃ ነው። እማዬን ወስጄ አሳይቻታለሁ። በቅርብ ካላችሁ ውሰዷቸው፤ አገር የሚተዳደርበት ሰነድ ያን ያህል አጭር መሆኑን በዓይን ማየት ድፍረት ይሰጣል።

ትልቁ ጠባቸው የወንበር ነበር። ብዙ ሕዝብ ያላቸው ግዛቶች ውክልናው በሕዝብ ቁጥር ይሁን አሉ፤ ትንንሾቹ እኩል ይሁን አሉ። የተስማሙት ሁለቱንም በማድረግ ነው፤ አንዱ ምክር ቤት (የተወካዮች ምክር ቤት) በሕዝብ ብዛት፣ ሌላው (ሴኔት) ለእያንዳንዱ ግዛት እኩል ሁለት ሁለት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ኮንግረስ ይባላሉ። ይህን የተረዳ ሰው 435ንና 100ን አይደባልቅም። በሕዝብ ብዛት የሚከፋፈሉት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች 435 ናቸው። ግዛቶቹ 50 ናቸው፣ ሁለት ሁለት ሲሆን 100 ሴናተር። ካሊፎርኒያ ከ38 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይዛ፣ ዋዮሚንግ 6 መቶ ሺህ ሳይሞላት፣ ሴኔት ውስጥ እኩል ናቸው። እማዬ «ይሄማ ለትልቁ ግፍ ነው» አለች። ብዙ አሜሪካውያንም እንደዚያ ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ትንሹን ከመዋጥ ያዳነው ይህ ነው ይላሉ። መልሱን ሳይሆን ክርክሩን ስታውቅ ነው ነገሩ የገባት።

ሦስቱን የመንግሥት አካላት ያስረዳኋት በእድር ነው። እማዬ አዲስ አበባ ሳለች የሰፈሯ እድር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቆይታለች። ሰብሳቢው ብር አይዝም። ገንዘብ ያዡ ብቻውን ወጪ አይፈቅድም። ሒሳቡን የሚመረምረው ከሁለቱም የተለየ ሰው ነው። ሰብሳቢው ጻድቅ ቢሆን እንኳ ቁልፉ አይሰጠውም፤ ደንቡ የሚጻፈው ነገ ለሚመጣው ሰብሳቢም ጭምር ነውና። እዚህም ኮንግረሱ ሕግ ያወጣል፣ በጀትም በእጁ ነው። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ያስፈጽማል፣ ጦሩን ይመራል። ፍርድ ቤቱ ይተረጉማል። ፕሬዚዳንቱ የጸደቀውን ሕግ አልፈርምም ማለት ይችላል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች ግን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እምቢታውን ሊሽሩት ይችላሉ። ዳኛ የሚያጨው ፕሬዚዳንቱ፣ የሚያጸድቀው ሴኔቱ ነው። ዳኛው ከተሾመ በኋላ የሾመው ሰው ሊያባርረው አይችልም።

እዚህ ጋ ኢትዮጵያ ውስጥ የለመድነው ሥርዓት ግራ እንዳያጋባችሁ። በእኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሕግ አውጪውና አስፈጻሚው ብዙ ጊዜ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። እዚህ ፕሬዚዳንቱ ለብቻው ይመረጣል፣ ኮንግረሱ በተቃዋሚው ፓርቲ እጅ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ኮንግረሱን መበተን አይችልም። ኮንግረሱም ፕሬዚዳንቱን ስላልወደደው ብቻ አያወርደውም፤ የተወካዮቹ ምክር ቤት ይከሰዋል፣ ሴኔቱ በሁለት ሦስተኛ ይፈርድበታል። አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ በ2019ና በ2021 ተከሰዋል፤ አንዳቸውም በሴኔት አልተፈረደባቸውም። ሌላው ትልቅ ልዩነት ሕገ መንግሥቱን ማን ይተረጉማል የሚለው ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ተርጓሚ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በአሜሪካ ግን ከ1803ቱ የማርበሪ ጉዳይ ጀምሮ ፍርድ ቤት ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ «ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል» ብሎ ዋጋ ሊያሳጣው እንደሚችል የጸና ነው።

«ፕሬዚዳንት ለዳኛ ይታዘዛል?» እማዬ ይህን አላመነችም። ልጅ ሆና ያየችው ሌላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ አክስቷ በኪራይ የምትተዳደርባቸው ቤቶች አብረው ሄዱ። «ለማን አቤት ይባላል? ያወጀውም የወሰደውም አንድ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ።

ስለዚህ የትሩማንን ነገር ነገርኳት። 1952 ነው፣ የኮሪያ ጦርነት። ኮሪያን ታውቃለች፤ የአባቷ ወንድም ቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ጦሩ ብረት እንዳያጣ በኤፕሪል ወር ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲይዛቸው አዘዘ። ምክንያቱ ተራ አልነበረም፤ ወታደር ግንባር ላይ ነው፣ የእኛም ልጆች ጭምር። ባለፋብሪካዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ጁን 2 ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ በፕሬዚዳንቱ ላይ ፈረደ። እንዲህ ያለ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ ኮንግረስ አላወጣም፣ ሕገ መንግሥቱም ለፕሬዚዳንቱ አልሰጠም ተባለ። ትሩማን ራሱ ከሾማቸው 4 ዳኞች 2ቱ በእሱ ላይ ድምፅ ሰጡ። እሱም ፋብሪካዎቹን መለሰ።

እማዬ ዝም ብላ ቆይታ «የሾማቸው ሰዎች?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ራሱ የሾማቸው።» ከዚያ ቀን ወዲህ «የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ አስቸግሯት አያውቅም። «ትሩማን ፋብሪካውን መመለሱ ነዋ!» ትለኛለች። ለፈታኙ ግን «ከሕግ በላይ ማንም የለም» በይ ብያታለሁ።

የፌዴራልና የግዛት ሥልጣን ሌላው አስቸጋሪ ቦታ ነው። እኛ «መንግሥት» ስንል አንድ አካል ይታየናል። አንድ ቅዳሜ ወረቀቶቿን የምታስቀምጥበትን ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው፤ ግሪን ካርድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ የሜሪላንድ መታወቂያ፣ የሜዲኬድ (የጤና መድን) ደብዳቤ፣ ከካውንቲው (በግዛቱ ሥር ካለው የአካባቢ አስተዳደር) የመጣ የቤት ግብር፣ የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት የላከው ማስታወቂያ፣ የእኔ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት። «እያንዳንዱን ማን እንደላከው ለዪ» አልኳት። ግሪን ካርዱና ሶሻል ሴኩሪቲው ከፌዴራሉ፣ መታወቂያው ከግዛቱ፣ ግብሩ፣ ትምህርት ቤቱና ቅጣቱ ከካውንቲው ሆኑ። ሜዲኬዱን በእጇ ይዛ ቀረች። እሱን ፌዴራሉና ግዛቱ በጋራ ይከፍሉታል፤ መሐል ላይ አስቀመጥነው። ቀጥላ «እንግዲህ ፕሬዚዳንቱ የካውንቲውን የፖሊስ አዛዥ ማባረር አይችልም ማለት ነው?» አለች። አይችልም፤ ቀጣሪው ካውንቲው ነው። ለፌዴራሉ ያልተሰጠ ሥልጣን የግዛቶች ወይም የሕዝቡ ነው ይላል 10ኛው ማሻሻያ። ገንዘብ ማተም፣ ጦርነት ማወጅ፣ ከውጭ አገር ጋር መዋዋል የፌዴራሉ ነው፤ መንጃ ፈቃድና ትምህርት ቤት የግዛቱ። ይህን የወረቀት ሥራ ሞክሩት፤ ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ ይበልጣል።

ዲሲ ለምትኖሩ አንድ ነገር፤ ከተማዋ ግዛት አይደለችም። የግዛታችሁን ሴናተር ስም ስትጠየቁ መልሱ «ዲሲ ሴናተር የላትም» ነው። በተወካዮች ምክር ቤትም ያላት ተወካይ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ አይሰጥም። የዲሲ ነዋሪ ፕሬዚዳንት መምረጥ የቻለው በ1961 በጸደቀው 23ኛ ማሻሻያ ነው። ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ የሚነዱበት ከተማ ነው፤ ከፊታቸው በሚሄደው መኪና ታርጋ ላይ በየቀኑ የሚያነቡት የተቃውሞ ጽሑፍ «ያለ ውክልና ግብር ይብቃ» የሚል ነው፤ የ1776 ሰዎች ያነሡት ያው አቤቱታ። የሌላ ግዛት ነዋሪ ደግሞ የሴናተሩን፣ የአገረ ገዢውንና የተወካዩን ስም ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሲል እንደገና ይመልከት፤ ይቀያየራሉ።

አሁን ልዘለው የማልፈልገው ነገር አለ። ይህ ሰነድ ሲጻፍ ባርነትን ተሸክሞ ነው። ለውክልና ሲቆጠር ባሪያ የሆነ ሰው እንደ ሦስት አምስተኛ ተቆጠረ፤ ኮንግረሱ የባሪያ ንግዱን እስከ 1808 እንዳያግድ ተከለከለ። በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ «ነፃ ነጭ» ለሆነ ሰው ብቻ ነበር። በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ፍርድ ቤትም እንዲህ ይሳሳታል፣ እጅግ በከፋ መንገድ። ያንን የሻሩት የእርስ በርስ ጦርነቱና ከዚያ በኋላ የመጡት ሦስት ማሻሻያዎች ናቸው፤ 13ኛው በ1865 ባርነትን አስቀረ፣ 14ኛው በ1868 አሜሪካ የተወለደን ወይም ዜግነት የተሰጠውን ሰው ዜጋ አድርጎ የሕግ እኩል ጥበቃ ሰጠ፣ 15ኛው በ1870 በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ ከለከለ። አፍሪካዊ በማመልከቻ ዜጋ መሆን የቻለው በዚያው በ1870 ነው። በወረቀት ላይ ያለው መብት በደቡብ ግዛቶች ሥራ ላይ እንዲውል ደግሞ እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ ሰው ተደብድቧል፣ ሞቷል። እኛ ዛሬ ፎርም ሞልተን የምንገባበትን በር የከፈቱት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ለወላጆቻችሁ ስታስተምሩ ይህን ክፍል በጥድፊያ እንዳታልፉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ማሻሻያ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ካሳለፉት በኋላ ከ50ው ግዛቶች 38ቱ ማጽደቅ አለባቸው። ለዚህ ነው ከ230 ዓመት በላይ ቆይቶ 27 ብቻ የሆነው፤ የመጀመሪያዎቹ 10 ደግሞ በአንድ ጊዜ በ1791 የጸደቁት የመብቶች ድንጋጌ ናቸው።

ከመብቶቹ ለኑሮ የሚጠቅሙትን ዜጋ ከመሆናችሁ በፊትም እወቁ፤ አብዛኞቹ የተጻፉት ለሰው ሁሉ ነው። 1ኛው ማሻሻያ የሃይማኖት፣ የንግግር፣ የፕሬስ፣ የመሰብሰብና ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ ነፃነት ነው፤ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በር ላይ ሰልፍ የወጣችሁበት ማለት ነው። 4ኛው ቤታችሁ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይፈተሽ ይጠብቃል፤ በር የሚያንኳኳ ሰው ዳኛ የፈረመበት የፍተሻ ትእዛዝ እንዳለው መጠየቅ ትችላላችሁ። 5ኛው በራሳችሁ ላይ እንድትመሰክሩ አትገደዱም ይላል። የፌዴራል ምርጫ ግን የዜጋ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለመራጭነት ልመዝግብዎ?» ሲባል ግሪን ካርድ ይዛችሁ «እሺ» እንዳትሉ። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለትና ድምፅ መስጠት ዜግነቱን ከማስከልከል አልፎ ከአገር ሊያስባርር ይችላል።

የፈተናው ቀን አጭር ነው። ለአስተርጓሚው ቀደም ብላችሁ የምትጠቀሙበትን አጠራር ንገሩት፤ አንዱ «ሴኔት» ሌላው «የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት» ሲል ትልልቅ ሰዎች ይደናገራሉ። ስለ ማመልከቻው የሚጠየቀውም ከፈተናው ያልተናነሰ ነውና ቅጂውን አብራችሁ ደጋግማችሁ አንብቡ። አንዴ የወደቀ ሰው ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በወደቀበት ክፍል ብቻ እንደገና ይፈተናል። እማዬ በመጀመሪያው አለፈች፤ ከጥያቄዎቿ አንዱ የዳኞቹ ቁጥር ነበር።

መሐላው ላይ አመነታች፤ ለቀድሞ አገር ያለን ታማኝነት መተው የሚል ቃል አለበት። የኢትዮጵያ ሕግም ሌላ ዜግነት የወሰደን ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጥረዋል። ይህን ከወላጆቻችሁ ጋር ከማመልከቱ በፊት ተነጋገሩ፤ ወሬው በመሐላው ዕለት ጠዋት አይጀመር። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚያወጡት ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል፤ ለመምረጥ ግን አያስችልም።

ከመሐላው በኋላ ለመራጭነት መመዝገብ፣ ፓስፖርት ማውጣትና የሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ መታደሱን ማረጋገጥ ይቀራል። የጁሪ (ችሎት ላይ ተቀምጠው የሚፈርዱ ተራ ዜጎች) መጥሪያ በፖስታ ከመጣ ችላ አትበሉት፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። እንደ እማዬ እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው የፌዴራል ጁሪ አይሆንም፤ መጠይቁን ሞልቶ ይህንኑ ጽፎ መመለስ ግን አለበት። የእሷን እኔ ሞላሁላት፣ ፊርማውን ራሷ ፈረመች።